ሳለቅስ እያየኝ «እራት ደረሰ?» አለኝ፦ ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ፊት ከማንበብ ጋር ምን አገናኘው?

ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ ኢንቦክሳችን ውስጥ አንድ ረዥም መልእክት ገባ። ከአንዲት ተከታታያችን ነው። ስሟን አንጠቅስም፣ ታሪኩን እንድንጽፈው ግን ፈቅዳልናለች። አሳጥረነው እንዲህ ይላል፦

«አባቴን ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታው። ሐኪሞቹ ጉዳቱ ከአንጎሉ በስተኋላ፣ ታች ያለው ክፍል ላይ ነው፣ የሚያስቸግረው ሚዛኑን ነው አሉን። እውነትም መጀመሪያ እንደ ሰካራም ነበር የሚንገዳገደው። አሁን ተመስገን ብቻውን ይሄዳል፣ ያወራል፣ ሁሉንም ያስታውሳል። ግን ድሮ የማውቀው አባቴ አይደለም። በቀደም ሥራ ቦታ የሆነ ነገር ደርሶብኝ፣ ሶፋው ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሳለቅስ እያየኝ ‹እራት ደረሰ?› አለኝ። ድሮ እኮ ገና በሩን ስከፍት ፊቴን አይቶ ‹ማን ነው ያስከፋሽ?› ይለኝ ነበር። እናቴ ‹ልቡ ደነደነ› ትላለች። እኔ ደሞ ጠልቶኝ ይሆን እንዴ እላለሁ። ሚዛን የሚጠብቅ የአንጎል ክፍል ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

መልእክቱን እንዳነበብን መጀመሪያ የመጣልን መልስ «አይዞሽ፣ በሽታ ሰውን ይቀይራል» የሚል ነበር። ሁሉም ሰው የሚለው ማለት ነው። ግን የመጨረሻው ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳን። ሚዛን ሌላ፣ የልጅን ሐዘን መረዳት ሌላ። ታዲያ ምን አገናኛቸው? ቁጭ ብለን ማገላበጥ ጀመርን፣ ያገኘነው ነገር ደሞ እኛንም አስገረመን።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፣ የአባቷን የኤምአርአይ ምስልም አላየንም። ስለ እሳቸው ፍርድ አንሰጥም። ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ከስትሮክ በኋላ ድብርት በጣም የተለመደ ነው። ሌላ የአንጎል ክፍልም ተነክቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ የምንነግራችሁ ስለዚያ «ከኋላ ታች» ስላለው ክፍል ጥናቶች ያገኙትን ነው።

ትንሹ አንጎል የቱ ነው?

እስቲ እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ አድርጉና ወደ ላይ አንሸራቱት። አንገት አልቆ የራስ ቅል አጥንት ወጣ የሚልበት ቦታ ስትደርሱ አቁሙ። ከዚያ አጥንት በስተውስጥ፣ ከትልቁ አንጎል ሥር ተሸጉጦ የተቀመጠ፣ ከቡጢ አነስ የሚል፣ በጣም የተጨማደደ አካል አለ። በላቲን ስሙ ሰሪቤለም ነው፣ ትርጉሙም ትንሹ አንጎል ማለት ነው። እኛም እዚህ ጽሑፍ ላይ ትንሹ አንጎል እያልን እንቀጥላለን።

ትንሽ ስለተባለ ግን አትናቁት። ክብደቱ ከጠቅላላው አንጎል 10 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን እ.አ.አ በ2009 ብራዚላዊቷ ሳይንቲስት ሱዛና ሄርኩላኖ ሁዜልና ባልደረቦቿ የሰውን አንጎል የነርቭ ሴሎች ቆጥረው (አዎ፣ አንጎሉን እንደ ሾርባ አሟሙተው ነው የቆጠሩት) ድምሩን 86 ቢሊዮን ገደማ ሲያደርሱት፣ ከዚያ ውስጥ 69 ቢሊዮኑ የተገኘው በዚህች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ከአሥር ሴል ስምንቱ ማለት ነው። ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ለሚዛን ብቻ ይሄን ሁሉ ሴል?

«ትንሹ አንጎል የሚዛን ነው» የሚለው አባባል ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ፍሉራንስ በ1820ዎቹ የእርግብን ትንሽ አንጎል በጥቂት በጥቂቱ እያነሳ ሞክሮ ነበር። እርግቦቹ ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ መንቀሳቀስም ይፈልጋሉ፤ እንቅስቃሴያቸው ግን ቅጥ ያጣል፣ መብረርም በወጉ መራመድም ያቅታቸዋል። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ፈረንሳይ ውስጥ በነበረ የጦር ሆስፒታል የሚሠራው ጎርደን ሆምስ የተባለ ሐኪም ጭንቅላታቸውን በስተኋላ የተመቱ ወታደሮችን እየመረመረ አንድ በአንድ መዘገበ። እጃቸው ወደ ዕቃ ሲሄድ ያልፈዋል ወይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ ንግግራቸው ይጎተታል።

ዛሬም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ጣትህን አፍንጫህ ላይ፣ ከዚያ የኔ ጣት ላይ» የሚሏችሁ ምርመራ ይህንኑ ክፍል ነው የሚፈትነው። የልጅቷም አባት ይሄን ፈተና አልፈዋል። የልጃቸውን ፊት ግን ማንም አልፈተናቸውም።

ፊት ማንበብ አንድ ሥራ አይደለም

ቋንቋችን ራሱ በፊት የተሞላ ነው። ፊቱን አጠቆረብኝ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ፊት ነሳችኝ እንላለን። «ጥርስ ባዳ ነው» የምንለውም ያለ ነገር አይደለም፤ ሆድ እያረረ ጥርስ ሲስቅ አይተናላ። ይሄን ሁሉ የምናነበው ግን ሳይታወቀን ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ማኪያቶ እየጠጣችሁ ስታወሩ ቅንድቧ ትንሽ ከፍ አለ፣ ከንፈሯ ጠበቅ አለ፣ በቃ ርዕስ ትቀይራላችሁ። ማንም «አሁን አኩርፋለች» ብሎ አልነገራችሁም።

አንጎል ይሄን የሚሠራበት ፍጥነት የሚገርም ነው። ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው የሚያጠኑ ሰዎች፣ ፊት ባየን በ170 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ አንጎላችን ለፊት የተለየ ምልክት እንደሚሰጥ ይለካሉ። ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

ሥራው ደሞ ተከፋፍሏል። «ይሄ ማን ነው?» አንድ ጥያቄ ነው፣ «ምን ተሰምቶታል?» ሌላ። አንዳንድ ሰው አንጎሉ ሲጎዳ የሚስቱን ፊት መለየት ያቅተዋል፣ መቆጣቷን ግን ያውቃል። የልጅቷ አባት ታሪክ የተገላቢጦሹ ይመስላል፤ ልጃቸው መሆኗን በደንብ ያውቃሉ፣ ማዘኗ ነው ያመለጣቸው።

ስለ ስሜት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሚግዳላ የሚባለው፣ አንጎል ውስጥ ጠልቆ የሚገኝ የለውዝ ፍሬ የሚመስል ክፍል ነው። በሳይንስ ዓለም ኤስ ኤም በሚል ምህፃረ ስም ብቻ የምትታወቅ አንዲት ሴት አለች፤ ብርቅ በሆነ በሽታ ሁለቱም አሚግዳላዎቿ ጠፍተዋል። ራልፍ አዶልፍስና ባልደረቦቹ በ1994 እንዳሳተሙት፣ ይህች ሴት የፈራ ሰው ፊት አይታ ፍርሃት መሆኑን ማወቅ ያቅታታል። ከ11 ዓመት በኋላ ደሞ ምክንያቱን አገኙት። ለካ ፊት ስታይ ዓይንን አታይም። «ዓይኑን ተመልከቺ» ሲሏት ታውቀዋለች። ይህችን ነገር ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ታዲያ አሚግዳላ ካለ ትንሹ አንጎል ምን ጥልቅ አደረገው?

ግድግዳው የፈረሰው እንዴት ነው?

ለረዥም ጊዜ ትንሹ አንጎል ለብቻው የተቀመጠ የእንቅስቃሴ ክፍል ተደርጎ ነበር የሚታየው። በ1994 ፍራንክ ሚድልተንና ፒተር ስትሪክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። ከነርቭ ወደ ነርቭ የሚሻገር ቫይረስ በዝንጀሮ አንጎል የፊተኛ ክፍል ውስጥ፣ ማለትም ማሰብና ማቀድ በሚካሄድበት ቦታ አስገብተው መንገዱን ተከተሉት። ቫይረሱ ሄዶ ሄዶ ትንሹ አንጎል ውስጥ ተገኘ። መስመር አለ ማለት ነው። እንቅስቃሴ ላይ ብቻ የሚሠራ ክፍል ከማሰቢያው ክፍል ጋር መስመር ምን ያደርግለታል?

ከአራት ዓመት በኋላ ቦስተን ከተማ የሚገኘው የማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል ነርቭ ሐኪም ጄረሚ ሽማማን ከሳይኮሎጂስቷ ጃኔት ሸርማን ጋር አንድ ወረቀት አወጣ። ትንሹ አንጎላቸው ብቻ የተጎዳ 20 ሕሙማንን መርምረው ነበር። ማቀድ ይከብዳቸዋል፣ ቃላት መፈለግ ይቸግራቸዋል፣ የቦታና የቅርጽ ግምታቸው ይዛባል። ይሄ ሳያንስ ባሕርያቸውም ተለውጧል። አንዳንዱ ስሜቱ ደንዝዟል፣ ሌላው ደሞ ቦታና ሰው የማይመርጥ፣ እንደ ልጅ ያደርገዋል።

ሽማማን ይህን የገለጸበትን መንገድ እኛ ወደነዋል። የሆምስ ወታደሮች እጅ ዕቃውን አልፎ እንደሚሄድ ወይም ሳይደርስ እንደሚቀር አስታውሱ። ሽማማን እንደሚለው ትንሹ አንጎል ሲጎዳ ሐሳብና ስሜትም እንደዚያው ልኩን ያጣል። ስሜት የለም ማለት አይደለም። ይጓደላል ወይ ይትረፈረፋል፣ ልክ ላይ አያርፍም።

«ልቡ ደነደነ» ከሚለው ጋር ስታስተያዩት ምን ይመስላችኋል?

እሺ፣ ፊቱስ?

እዚህ ጋ ነው በቀጥታ ወደ ልጅቷ ጥያቄ የምንመጣው። ተመራማሪዎች ነገሩን በሁለት መንገድ ፈትነውታል። አንደኛው የተጎዱ ሰዎችን መፈተን ነው፣ ሁለተኛው የጤነኛ ሰው ትንሽ አንጎል ላይ ለአጭር ጊዜ ጣልቃ መግባት።

በመጀመሪያው መንገድ፣ ሚሻኤል አዳማሼክ የሚመራው የጀርመን ቡድን ትንሹ አንጎላቸው ላይ ስትሮክ የደረሰባቸውን ሰዎች የፊት ምስል እያሳየና ድምፅ እያሰማ ፈተናቸው። በ2014 የወጣው ውጤት እንደሚለው ሕሙማኑ ስሜትን ከፊት መለየት ላይ ከጤነኞቹ አንሰዋል። የሚገርመው ከድምፅ ቃናም መለየት ከብዷቸዋል። ማለትም «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ይሰማቸዋል፣ የተባለበት ቃና ግን ያመልጣቸዋል። እስቲ ንገሩን፣ አገራችን ውስጥ «ደህና ነኝ» ስንል ስንት ጊዜ ነው ደህና የምንሆነው?

የሽማማን ቡድን ደሞ በ2016 ባወጣው ጥናት የዓይን ፈተና የሚባለውን ተጠቀመ። ይህን ፈተና ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ሳይመን ባረን ኮኸን ነው። 36 ፎቶዎች አሉ፣ ሁሉም የዓይን አካባቢን ብቻ ያሳያሉ፣ ከአራት ቃላት ሰውዬው ምን እንደተሰማው የሚገልጸውን ትመርጣላችሁ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ሲሠሩት ግን ያስቸግራል። የትንሹ አንጎል ሕሙማን ከጤነኞቹ ያነሰ ውጤት አመጡ።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ያሳምናል። ለምን ብትሉ፣ የተጎዳ ሰው ሌላ ብዙ ነገርም አለበት፤ ድካም፣ ድብርት፣ መድኃኒት። ጤነኛ ሰው ላይ ግን ያ ሁሉ የለም። የጣልያን ተመራማሪዎች በ2012 የ21 ጤነኛ ሰዎችን ማጅራት በጣም ደካማ በሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነካክተው ከዚያ በፊትና በኋላ ፊት አሳዩአቸው። ለቁጡና ለሐዘንተኛ ፊት የሚሰጡት ምላሽ ተሻሻለ። ለፈገግታ ግን ምንም አልተለወጠም። ግንባር አካባቢ ያለውን ክፍል ሲነኩ ደሞ ለየትኛውም ፊት ለውጥ የለም። (ይሄን አንብባችሁ ባትሪ ማጅራታችሁ ላይ እንዳታደርጉ። የምር ነው የምንላችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ የሚሞክሩት አሉ።)

በ2018 ሌሎች ጣልያናውያን፣ ኪያራ ፌራሪና ባልደረቦቿ፣ በማግኔት ተጠቀሙ። ጭንቅላት አጠገብ የሚያዝ የማግኔት መሣሪያ ለአፍታ የዚያን ቦታ ሥራ ያውካል፣ ከዚያ ወዲያው ይመለሳል። የትንሹን አንጎል ግራ ጎን ሲያውኩት ሰዎቹ የፊት ስሜት መለየት ላይ ተሳሳቱ። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። ቀጥለው ግን ጎበዝ የሆነ ጥያቄ ጨመሩ። ስሜቱን ተዉት፣ ይሄ ፊት የወንድ ነው የሴት? ብቻ በሉን አሏቸው። ፊቱ ስሜት ከሌለው በትክክል ይመልሳሉ። ፊቱ ስሜት ካለው ግን ወንድና ሴት መለየቱ ራሱ ተበላሸ። ስለ ስሜት ማንም ሳይጠይቃቸው እንኳ ትንሹ አንጎል ስሜቱን ሲያስተናግድ ነበር ማለት ነው፤ በዚያ መሐል ሲታወክ አብሮ የተደናቀፈው ሌላው ሥራ ነው።

ግራ ጎኑ መሆኑም ትርጉም አለው። የትንሹ አንጎል ግራ ጎን የተያያዘው ከትልቁ አንጎል ቀኝ ጎን ጋር ነው፣ ፊት በማንበብ ደሞ የቀኙ ጎን በርታ ይላል።

ምን እየሠራ ነው ግን?

የብዙ ተመራማሪዎችን መልስ በአንድ ቃል እንበለው፦ መተንበይ። ስልካችሁ ላይ «እንዴት» ብላችሁ ስትጽፉ ኪቦርዱ «ነህ»፣ «ነሽ» ብሎ ቀድሞ ያቀርብላችኋል። ከተሳሳተ ታስተካክላላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እሱም ይሻላል። ትንሹ አንጎልም ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ ይገምታል፣ የመጣው ከግምቱ ከተለየ ይመዘግባል፣ ግምቱን ያርማል።

ይሄ ሥራ እናንተም ላይ አለ፣ አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። ራሳችሁን ኮርኩሩ። አያስቅም አይደል? ሌላ ሰው ሲኮረኩራችሁ ግን ትንከተከታላችሁ። ሳራ ጄን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ በ1998 ሰዎች ሲኮረኮሩ አንጎላቸውን እያነሱ አጥንተውታል። የራሳችሁ እጅ የት እንደሚያርፍ ትንሹ አንጎል አስቀድሞ ስለሚያውቀው ስሜቱ ይቀዘቅዛል። የሌላ ሰው እጅ ግን ድንገተኛ ነው።

አሁን ይሄን ወደ ፊት አምጡት። ሰው ስታወሩ ፊቱ አይቆምም፤ ፈገግታው ሊመጣ ሲል ዓይኑ ቀድሞ ይጠባል፣ ለቅሶ ሊመጣ ሲል አገጭ ይንቀጠቀጣል። የምታነቡት የቆመ ፎቶ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፣ ስለዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መገመት አለባችሁ። ግምቱ ሲዘገይ ወይ ሲስት፣ ፊቱ እያለ ትርጉሙ ያልፋችኋል። ጨዋታ እንደ መስማት ነው፤ ቀልዱ ከገባህ በኋላ ሁሉም ስቆ ጨርሷል።

ሁሉም ተመራማሪ ግን በዚህ አይስማማም። አሁን ኤስ ኤምን አስታውሱ፣ ዓይን የማታየዋን ሴት። ዓይናችን በትክክል ወደሚፈልገው ቦታ እንዲዘልና እዚያ እንዲያርፍ የሚያደርገውም ትንሹ አንጎል ነው። ታዲያ ሕሙማኑ ስሜቱ ሳይሆን ዓይናቸው ትክክለኛው ቦታ ላይ አለማረፉ ቢሆንስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሕሙማኑ ከድምፅም ስሜት መለየት መቸገራቸው ጉዳዩ የዓይን ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። የድምፅ ቃና ለመስማት ዓይን አያስፈልግማ። በ2017 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በአንድ ሰነድ ላይ ሐሳባቸውን ሲያስቀምጡ፣ ትንሹ አንጎል በስሜት ላይ ድርሻ እንዳለው ተቀብለው እንዴት እንደሚሠራው ግን አሁንም የተለያየ አስተያየት አቅርበዋል።

እኛ ግን አንድ ነገር ላይ ጥንቃቄ እናድርግ እንላለን። «ትንሹ አንጎል የስሜት ማዕከል ነው» የሚል ፖስት ካያችሁ እለፉት። በ2014 ቻይና ውስጥ ጭንቅላቷን ሲያነሷት ትንሽ አንጎል ጭራሽ የሌላት የ24 ዓመት ሴት ተገኝታለች። አፏን የፈታችው በስድስት ዓመቷ፣ ያለ ድጋፍ የሄደችው በሰባት ዓመቷ ነው፣ ግን አድጋለች፣ ትኖራለች። የትንሹ አንጎል ጉዳት ፊት የማንበብ ችሎታን እንደ መብራት አያጠፋውም፣ ያደበዝዘዋል። ሰው ከሰውም ይለያያል። ሌላው ደሞ ፈተናዎቹ ራሳቸው ናቸው። ብዙዎቹ የተሠሩት «ተቆጣ በል፣ እዘን በል» ተብለው በተነሱ የምዕራባውያን ፎቶዎች ነው። የኛ ሰው ሐዘኑን በነጠላ ጫፍ ሲሸፍን ያንን ፎቶ የትኛው ፈተና ውስጥ ታገኙታላችሁ?

ማወቁ ምን ይጠቅማል?

መጀመሪያ ለቤተሰብ። ከስትሮክ ወይም ከዕጢ ቀዶ ጥገና በኋላ የሰው ባሕርይ ሲለወጥ ብዙ ቤት ውስጥ የሚመጣው ቃል «ከፋ»፣ «ጨከነ»፣ «ናቀን» የሚል ነው። ትንሹ አንጎል አካባቢ ዕጢ ወጥቶላቸው ከቀዶ ጥገናው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ድምፃቸው የሚጠፋ ሕፃናት አሉ፤ ለሳምንታት ወይ ለወራት አይናገሩም፣ ይነጫነጫሉ፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። ይሄ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው። ልጁ አኩርፎ አይደለም። ቀጠሮ ላይ ስትሄዱ «መራመዱ ተሻለው» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ስናዝን አይገባውም፣ ቀልድ አይገባውም፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብላችሁ ንገሩ። ከ2018 ወዲህ የሽማማን ቡድን ያዘጋጀው፣ 10 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ምርመራ አለ። ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው፣ ትንሽ ያስደነግጣል። የስትሮክ ምልክት ሲባል የምናውቀው አፍ መጣመም፣ እጅ መዛል፣ ንግግር መተሳሰር ነው። የትንሹ አንጎል ስትሮክ ግን ያለ እነዚህ ሊመጣ ይችላል። ድንገት ቤቱ የሚሽከረከር የሚመስል ከባድ ማዞር፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ቀጥ ብሎ መቆም ወይ መራመድ አለመቻል፣ ከባድ ራስ ምታት፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት። ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ጠጥቶ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። እዚያ አካባቢ ቦታው ጠባብ ስለሆነ የተጎዳው ክፍል በቀናት ውስጥ አብጦ መተንፈስን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ግንድ ሊጫን ይችላል። አይጠበቅም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

መጠጥ ካነሳን አይቀር፣ ሰካራም የሚንገዳገደው አልኮል ትንሹን አንጎል ስለሚያውከው ነው። ለዓመታት በብዛት ሲጠጣ ደሞ ይህ ክፍል ይሟሽሻል። የአልኮል ሱሰኞች የሰው ፊት ማንበብ እንደሚቸግራቸው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ ጥፋቱ የትንሹ አንጎል ብቻ ባይሆንም። «አባቴ ሲጠጣ ፊታችንን አያይም» የምትሉ ልጆች ኮሜንት ላይ እንደምትመጡ እናውቃለን። ስለዚህ ጉዳይ ለብቻው እንጽፋለን።

ለመልእክቱ ባለቤት ያልናት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ያየሽውን ሁሉ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪው። ሁለተኛው፣ ፊትሽ እንዲናገርልሽ አትጠብቂ፣ በአፍሽ ንገሪው። ፊት ማንበብ ቢከብደው ቃል ሊገባው ይችላልና።

ከአራት ቀን በኋላ መለሰችልን። «ትናንት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ‹አባዬ፣ ዛሬ ተከፍቻለሁ፣ ሥራ ቦታ አዋርደውኛል› አልኩት። ቲቪውን ቀነሰው። ‹ማን ነው?› አለኝ። ስነግረው ሰውዬውን ሰደበልኝ። ቀጥሎ እራት ደረሰ ወይ አለኝ። እኔና እማዬ ሳቅን። እሱ ግን ለምን እንደሳቅን አልገባውም። ቀጠሯችን ለሐሙስ ነው፣ ጽፌ ይዤዋለሁ።»